ግራጫ ሁሉ አንድ አይደለም

ቤታችሁን ለማስቀባት አስባችሁ ወደ ቀለም መሸጫ ሱቅ ጎራ ያላችሁ እንደ ሆነ ነጋዴው የሚያቀርብላችሁ ጥያቄ ቀላል ነው። «ምን ዓይነት ቀለም ልስጥሽ?» ይላል። እናንተም «ግራጫ» ትላላችሁ። ግራጫ ዛሬ በከተማ ቤቶች ዘንድ የተወደደ ቀለም ነው። እድፍ ቶሎ አያሳይም፤ ከብዙ የቤት ዕቃ ጋር ይስማማል፤ ዓይንም አይወጋም። ነገር ግን ነጋዴው የናሙናውን ካርድ ሲዘረጋላችሁ ግራጫ ያላችሁት ቀለም ሃያም ሠላሳም ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንዱን ከሌላው የሚለየው ነገር ሱቁ ውስጥ እምብዛም አይታይም። ግድግዳ ላይ ወጥቶ ከደረቀ በኋላ ግን ይታያል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ገንዘቡ ወጥቷል፤ ቀቢውም ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል።

ይህ ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የቅንጦት ወሬ ሊመስል ይችላል። ከሥራ ወጥታ፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ሰብስባ፣ እራት ለማድረስ ለምትሯሯጥ እናት የግራጫን ዓይነት መምረጥ ምኗ ነው ትሉ ይሆናል። ሆኖም አንድ ክፍል ለማስቀባት የሚወጣው ገንዘብ ከወር ደመወዝ ላይ የሚነሣ ነው፤ አንዴ ከተቀባም በኋላ ለዓመታት አይነካም። ከዚህም ሌላ፣ በክፍሉ ውስጥ ውሎ የሚያድረው ሰው ዕድሜው የገፋና ዓይኑ የደከመ እንደ ሆነ ነገሩ ከውበት አልፎ የጤና ጉዳይ ይሆናል። እኔ ይህን በቅርብ ያየሁት በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ የእናቴን ክፍል ለማደስ በተነሣንበት ወቅት ስለ ሆነ እስቲ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

መሐል ሜዳ የመንዝ ጌራ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን ያለፈ መንገደኛ ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥሎ በመዘዞና በሞላሌ በኩል ይደርስባታል። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ብርዷ የታወቀ ነው። ነዋሪዋም ቤቱን የሚሠራው ብርዱን አስቦ ነው። ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ካብ ነው፤ መስኮቱ ነፋስ እንዳያስገባ ጠበብ ይላል። ጣሪያው በቀድሞው ጊዜ ከጓሳ ሣር ነበር፤ አሁን ግን በአብዛኛው ቆርቆሮ ሆኗል። ውስጡ በጭቃና በጭድ ተመርጎ፣ በእበትና በአመድ ይለሰን ነበር። እንግዲህ መንዜዎች ግራጫን ከፋብሪካ ቀለም በፊት ያውቁታል ማለት ነው፤ እናቶቻችን በእጃቸው የለሰኑት ግድግዳ ግራጫ ነበርና።

እናቴ ከዚያ ቤት አልወጣም ብላ የቀረች ናት። እኛ ልጆቿ አዲስ አበባ እንድትመጣ ብዙ ጊዜ ለምነናታል። «አገሬ ብርድ ቢሆንም ብርዱን አውቀዋለሁ» ትላለች። ባለፉት ዓመታት ግን ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ተጋረዱ። የቀኙ በቀዶ ሕክምና ተገፎላት ደህና ሆነ፤ የግራው ተራውን እየጠበቀ ነው። በዚህ መካከል ከአንዴም ሁለቴ የበሩ መቃን ትከሻዋን መታት። የክፍሏ ግድግዳ በጭስ ጠቁሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሩም ያረጀ ሳንቃ በመሆኑ ሁሉም አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ነበር። ስለዚህ ክፍሏን ለእሷ እንዲበጅ አድርገን ለማደስ ተስማማን። ያልተስማማነው በቀለሙ ላይ ብቻ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ በሚገኘው የኮንዶሚኒየም ቤቱ ያስቀባውን ዓይነት ግራጫ ሁለት ጋሎን ገዝቶ ላከ። በእርሱ ቤት አይቼዋለሁ፤ ያምራል። መስኮቱ ሰፊ ሲሆን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ይገባበታል። እኔም በበኩሌ ስመጣ ደብረ ብርሃን ላይ ከአንድ ሱቅ ሌላ ግራጫ በትንሽ ጣሳ ይዤ መጣሁ። ሁለቱን ጣሳዎች ከፍተን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ቀቢው ወጣት ሳቀና፣ «እነዚህ ወንድማማች ናቸው እንጂ አንድ ሰው አይደሉም» አለ። በእርግጥም የወንድሜ ግራጫ በውስጡ ሰማያዊ ነበረበት። የኔው ግን ወደ ቢጫና ወደ አፈር መልክ ያደላ ነበር።

ይህ ልዩነት ከየት ይመጣል? ነገሩ እንዲህ ነው። የግድግዳ ቀለም ሲዘጋጅ መነሻው ነጭ ነው። በነጩ ላይ ጥቁር ሲጨመርበት ግራጫ ይሆናል። ይሁንና ከጥላሸት የሚሠራው ጥቁር ከነጭ ጋር ሲደባለቅ ብዙውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ቀዝቀዝ ያለ ግራጫ ይሰጣል። ከዚሁ ላይ ጥቂት ቢጫ፣ ቡኒ ወይም የቀይ አፈር መልክ ያለው ቀለም ጠብ ሲደረግበት ሞቅ ያለው ግራጫ ይገኛል። የሚጨመረው መጠን እጅግ ጥቂት በመሆኑ ዓይን በአንድ ጊዜ አይለየውም። ሰፊ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ግን ያ የተደበቀው መልክ ብቅ ይላል።

የሚገርመው፣ ዛሬ በካርድና በቁጥር የምንለየውን ነገር እናቶቻችን በቃላት ይለዩት ነበር። እናቴ ሁለቱን ጣሳዎች ጎንበስ ብላ ካየች በኋላ «ይኼ አመድማ ነው፤ ያ ደግሞ ዳለቻ» አለች። እኔና ወንድሜ «ግራጫ» ብለን የጠቀለልነውን እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለሁለት ከፈለችው። አመድማ ስትል የቀዘቀዘ ምድጃ ውስጥ የሚገኘውን የአመድ መልክ ማለቷ ነው። ዳለቻ ስትል የከብቱንና የበቅሎውን መልክ፣ ቡኒ የተቀላቀለበትን ማለቷ ነው። ከዚህ የፈዘዘው ደግሞ በእሷ አነጋገር ቡላ ነው። ለከብትና ለጋማ ከብት መለያ የሚያገለግሉት እነዚህ ቃላት ለግድግዳም እንደሚያገለግሉ ያን ዕለት አስተዋልሁ። ስለዚህ እህቶቼ፣ ወደ ሱቅ ስትሄዱ «ግራጫ» ብላችሁ አታቁሙ። «አመድማው ነው ወይስ ዳለቻው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ይህ ዕውቀት ከሱፍ ሥራም የመጣ ይመስለኛል። የመንዝ በግ ላታምና ባለ ጠጉር ነው። ከጠጉሩ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሠራል። ጠጉሩን አጥበው በእንዝርት የሚፈትሉት በአብዛኛው ሴቶች ሲሆኑ የሚሸምኑት ወንዶች ናቸው። የበጉ ጠጉር ሳይነከር በተፈጥሮ መልኩ ስለሚሠራበት ፈታይዋ ነጩን፣ ጥቁሩንና ቡኒውን በዓይኗ እየመዘነች ትለያለች። ጥቁር የሚባለው በግ ራሱ ሙሉ በሙሉ ጥቁር አይደለም። ጫፉን ፀሐይ ስለሚመታው ወደ ቡኒ ይሄዳል። ይህ ከነጭ ጠጉር ጋር ሲቀላቀል የሚወጣው ግራጫ ሞቅ ያለ ነው። እናቴ በወጣትነቷ ስትፈትል የኖረችው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ የትኛውን እንምረጥ? ወንድሜ በስልክ «የላክሁትን ቀቡት፤ ዘመናዊ ነው» ይላል። ቀቢው ደግሞ ሥራ ላለመፍታት «አንዱን ንገሩኝና ልጀምር» ይላል። እኔም ከመጨቃጨቅ ብዬ ሁለት ትላልቅ ካርቶኖች አስመጣሁና አንዱን በወንድሜ ቀለም፣ ሁለተኛውን በሌላው ቀለም ሁለት ሁለት ጊዜ አስቀባሁ። ጠርዛቸውን ነጭ አስቀረሁ። ከደረቁ በኋላ በእናቴ ክፍል ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቀልናቸው። ከዚያም ሦስት ቀን ጠበቅን።

ወቅቱ ኅዳር ነበር። የእናቴ ክፍል መስኮት ወደ ሰሜን ይመለከታል። መንዝ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኗ ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በሰሜን በኩል ያለ መስኮት ያን ጊዜ የሚያስገባው የፀሐይን ጮራ ሳይሆን የሰማዩን ብርሃን ነው። የሰማይ ብርሃን ደግሞ ሰማያዊ ይበዛበታል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ ፀሐይ በእኩለ ቀን ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ ነገር ግን አብዛኛው ጊዜ ክረምት ስለ ሆነ መንዝን ጉም ይሸፍናታል። ስለዚህ ያ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል፣ ቀዝቃዛ ብርሃን ነው የሚያገኘው።

ጠዋት ላይ ውርጩ ገና ሳይለቅ ካርቶኖቹን ስናይ የወንድሜ ግራጫ ይበልጥ ሰማያዊ ሆኖ ታየ። በአዲስ አበባ ፀሐይ የሚያምረው ቀለም እዚህ የብረት መልክ ያዘ። ሁለተኛው ግን ረጋ ያለ ግራጫ መሰለ፤ ውስጡ ያለውን ቢጫ የሰማዩ ብርሃን አለዘበው። ማታ አምፑል ሲበራ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። የክፍሉ አምፑል ብርሃኑ ቢጫ ነበርና የወንድሜ ግራጫ ደህና ሆኖ ሲታይ ሁለተኛው የጭቃ መልክ አመጣ። ልብ በሉ፣ አምፑል ሁሉ አንድ አይደለም። በካርቶኑ ላይ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን የሚል ጽሑፍ ያለበት ቢጫ ብርሃን ይሰጣል፤ 6500 የሚለው ደግሞ ነጭና ሰማያዊ ያደላበትን። ሁለት ቀለሞች በአንዱ ብርሃን አንድ መስለው በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ። እኛም በሁለቱ መካከል ያለ፣ 4000 የሚል አምፑል ገዝተን ስንቀይር የጭቃው መልክ ለቀቀ።

በሁለተኛው ቀን እናቴ አንድ ነገር አሳየችን። በእጇ የግራ ዓይኗን ሸፍና ካየች በኋላ፣ እጇን ወደ ቀኝ አዛውራ ደግማ አየች። «በዚህኛው ዓይኔ ይለያያሉ፤ በዚያኛው ግን ሁለቱም ዳለቻ ናቸው» አለች። ይህ የእሷ ቅዠት አይደለም። ሞራ የዓይንን ሌንስ እያበለዘ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚያግድ ዓለም ሁሉ ቢጫ ነክ ሆኖ ይታያል። ሞራው ሲገፈፍ ሰማያዊ ተመልሶ ይገባል። የፈረንሣዩ ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1923 እ.ኤ.አ. የቀኝ ዓይኑን ሞራ ካስገፈፈ በኋላ በሁለቱ ዓይኖቹ የሚያየው ቀለም እየተለያየበት ተቸግሮ ነበር። እንግዲህ ለአረጋውያን ቀለም ስንመርጥ እኛ የምናየውን እነሱም ያዩታል ብለን መገመት አይገባንም።

በሦስተኛው ቀን ክርክሩን የፈታው ባናዋ ነው። እናቴ ከአልጋዋ ላይ ነጭና ቡኒ የሆነውን የመንዝ ባና አንሥታ በመጀመሪያ ከወንድሜ ካርቶን ጎን፣ ቀጥላም ከሁለተኛው ጎን ያዘችው። ከዚያም «ይኼኛው ባናዬን አቆሸሸብኝ» አለች። ተመልከቱ፣ ባናው ንጹሕ ነው። ነገር ግን ከሰማያዊው ግራጫ ጎን ሲሆን ነጩ ብልዝ አለና ያደፈ መሰለ። ከዳለቻው ጎን ሲሆን ግን ነጭነቱ ተመለሰለት።

ይህንኑ ነገር ከ180 ዓመታት በላይ ቀደም ሲል አንድ የኬሚስትሪ ሊቅ ጽፎበታል። ሚሼል ዩዤን ሼቭረል ይባላል። በፓሪስ ከተማ በጎብላን የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኀላፊ በነበረበት ጊዜ ጥቁሩ የሱፍ ክር ፈዘዘ የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ክሩን መርምሮ ከሌሎች ፋብሪካዎች ክር ጋር ቢያስተያየው ጉድለት አላገኘበትም። ጥቁሩን ያፈዘዘው ጎኑ የተሸመነው ሌላ ቀለም ነበር። ይህንም በ1839 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አብራራ። አንድ ቀለም ብቻውን አይታይም፤ ጎረቤቱ ይለውጠዋል ማለት ነው። የጎብላኑ ሊቅ በሱፍ ክር የደረሰበትን የመንዟ እናት በባናዋ ደረሰችበት።

ወንድሜ ይህን በስልክ ስነግረው ደስ አላለውም። አልፈርድበትም። ቀለሙን የገዛው እናቱን ለማስደሰት ከደመወዙ ቀንሶ ነው። «እኔ እኮ ጥሩውን ነው የላክሁት» አለ። እናቴም ስልኩን ተቀብላ፣ «አዎን ልጄ፣ ጥሩ ነው። ላንተ ቤት ጥሩ ነው። እኔን የሚያሞቀኝን ግን እኔ አውቃለሁ» አለችው። ጥቂት ዝም ብሎ «እሺ እማ» አለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ብዙዎቻችን በከተማ ሠርተን ባገኘነው ገንዘብ የወላጆቻችንን ቤት እናድሳለን። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የምናድሰው ብዙ ጊዜ በራሳችን ዓይንና በራሳችን ቤት መስኮት እየለካን ነው። ወላጅም ልጅን ላለማስቀየም «ያምራል» ብለው ዝም ይላሉ፤ ከዚያም ያንን ክፍል ለእንግዳ ትተው ማድ ቤት ምድጃ ዳር ይቀመጣሉ። የእናቴ ፈተና ይህ ነበር። ክፍሏ ቢቀዘቅዝባት ኖሮ መሄጃዋ ያው ጭሱ ያለበት ማድ ቤት ነው፤ ለታከመው ዓይኗ ደግሞ ጭስ ጠላት ነው። የቀለሙ ምርጫ እሷን ከጭሱ ማራቂያ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የወንድሜ ሁለት ጋሎንም አልባከነም። ቤቱ በደቡብ በኩል መስኮቱ ሰፋ ያለ የእንግዳ መቀበያ ክፍል አለው። በበጋ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ይገባበታል። ያንን ሰማያዊ ግራጫ እዚያ ስንቀባው ልክ በአዲስ አበባው ቤት እንደሚታየው አምሮ ታየ። አንድ ጣሳ፣ አንድ ቀቢ፣ አንድ ቤት፤ የተለወጠው የመስኮቱ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ከግድግዳው በኋላ የቀረው በሩና ወለሉ ነበር። በብዙ የናሙና ካርዶች ጀርባ ላይ ቀለሙ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚመልስ የሚያሳይ ቁጥር ይገኛል። ፍጹም ጥቁር 0፣ ፍጹም ነጭ 100 ተብሎ ይቆጠራል። በእንግሊዝ አገር ለማየት ለሚቸገሩ ሰዎች በወጣው የሕንፃ መመሪያ መሠረት ግድግዳው ከበሩና ከወለሉ በዚህ ቁጥር ቢያንስ 30 ነጥብ ያህል እንዲለይ ይመከራል። ቁጥሩን ባታገኙትም ዘዴው ቀላል ነው። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ በሽፋሽፍት መካከል ስታዩ በሩ ከግድግዳው ተለይቶ ካልታያችሁ፣ ዓይኑ ለደከመ ሰውም አይታየውም። እኛ ግድግዳውን በፈዛዛው ዳለቻ፣ መቃኑንና በሩን በጠቆረ ቡኒ ቀባናቸው። ከዚያ ወዲህ እናቴ መቃኑን በእጇ ሳትዳብስ ትወጣለች፤ ትገባለችም።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ለበርና ለመስኮት የሚሆን የዘይት ቀለም ስትገዙ የሊድ መጠኑን ጠይቁ። በተለይ ቢጫና ቀይ በሆኑ ቀለሞች ውስጥ ሊድ ሲጨመር ኖሯል፤ ለሕፃናት አእምሮ እጅግ ጎጂ ነው። በአገራችን በ2010 ዓ.ም. የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ሊኖር የሚችለውን ሊድ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ስለዚህ ጣሳው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ካልተጻፈበት ሻጩን ጠይቁ።

እንግዲህ እህቶቼ፣ በእናንተም ቤት ሁለት ግራጫዎች ቢያከራክሯችሁ እንዲህ አድርጉ። ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ናሙናውን በነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡት፤ የተደበቀው ሰማያዊ ወይም ቢጫ ወዲያው ይታያል። ትንሿን ጣሳ ገዝታችሁ ትልቅ ካርቶን ቀቡና በሚቀባው ክፍል ውስጥ ስቀሉት። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በምታበሩት አምፑል እዩት። ከአልጋ ልብሱ፣ ከመጋረጃውና ከምንጣፉ ጎን አድርጋችሁ ተመልከቱት፤ እነዚህ ነገ የማይለወጡ ናቸውና። መስኮቱ ብርድ ብርሃን የሚያስገባ ከሆነ ዳለቻው ይስማማዋል፤ ፀሐይ የሚበዛበት ከሆነ አመድማው ያበርደዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ክፍሉ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ጠይቁ። ልጅ ቢሆን ልጁን፣ አያት ቢሆኑ አያትን ጠይቁ። «እኔ እመርጥልሻለሁ» ከማለት በፊት ሦስት ቀን መታገሥ ወጪ የለበትም። ቀለሙን የምንገዛው እኛ ብንሆንም፣ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ ግድግዳውን የሚያየው እርሱ ነውና።